ሚዛንም ልብም ይዝጋል

በየዓመቱ መስከረም ጠብቶ የቡና ግዢ ሊጀመር ሲል መጀመሪያ የማነሣው ሚዛኔን ነው። ቦንጋ ዝናቧ ብዙ ነው፤ ክረምቱን መጋዘን ውስጥ የከረመ ብረት በላስቲክ ቢጠቀለል እንኳ መዛጉ አይቀርም። መንጠቆውንና ሰንሰለቱን በብርጭቆ ወረቀት እፈትጋለሁ፤ ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ እወለውላለሁ። ከዚያ ክብደቱን አስቀድሜ የማውቀውን የ20 ኪሎ ብረት አንጠለጥልበታለሁ። መርፌው 20 ላይ ቀጥ ካለ ሚዛኑ እውነተኛ ነው። አሥራ ዘጠኝ ተኩል ካለ ግን ብረቱ ጎደለ አልልም፤ የዋሸው ሚዛኑ ነው። አስተካክለዋለሁ።

ቡና መሰብሰብ ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆነኝ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሚዛኔን ሳልፈትሽ ሥራ ጀምሬ አላውቅም። ራሴን ግን ለረጅም ጊዜ ሳልፈትሽ ኖሬአለሁ። ይህን የምጽፈው በልጅነቱ ሞቅ ያለ እምነቱ በጉልምስናው ለቀዘቀዘበት፣ "እሰግዳለሁ፣ እጾማለሁ፣ ልቤ ግን የት እንደሄደ አላውቅም" ለሚል ሙስሊም ወንድሜና እህቴ ነው። ሙስሊም ጎረቤቱ በማለዳ ተነሥቶ ምን እንደሚያነብ ማወቅ ለሚሻ ሰውም ጭምር ነው።

ጎጀብን የተሻገረ ሉህ

አባቴ ከጅማ በኩል ጎጀብን ተሻግሮ ወደ ካፋ የመጣው ጨርቅ ለመነገድ ነበር። መንገዱ አዲስ አልነበረም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በካፋ ነገሥታት ጊዜ፣ ቦንጋ ከሩቅ የሚመጡ ሙስሊም ነጋዴዎች የሚገበያዩባት ከተማ ነበረች። አባቴ አገሩን ወደደው፤ እዚሁ ጎጆ ቀለሰ። ሲመጣ ከጨርቁ ጋር አንድ ሉህ ይዞ ነበር። ጫፉ የተሸረፈ፣ መያዣው በእጅ ብዛት የለሰለሰ እንጨት ነው። እኔ አሊፍ ባ ያልኩት በእሱ ላይ ነው። ጥላሸት ተበጥብጦ በተሠራ ቀለም አንቀጹ ይጻፍልኛል፤ በቃሌ ስይዘው ሉሁ ይታጠብና ሌላ ይጻፋል። ያልያዘ ልጅ ሉሁ አይታጠብለትም፤ እስኪይዝ ድረስ ያንኑ ይዞ ይቀመጣል። ያኔ ቅጣት ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ትልቁ ትምህርት እሱ ነበር፦ ያልያዝከውን ትተህ ወደሚቀጥለው አትለፍ።

ካፋ ውስጥ እኛ ሙስሊሞች ጥቂቶች ነን። አብዛኛው ጎረቤታችን ኦርቶዶክስ ነው፤ ፕሮቴስታንቱም ካቶሊኩም አለ። ጅማ የሚኖር ዘመዴን በየአቅጣጫው የሚሰማው አዛን ይቀሰቅሰዋል። እኔ ቡና ልገዛ ወደ ገጠር ስወጣ ግን ቀኑን ሙሉ አዛን የማልሰማበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የዙህርን፣ የቀትሩን ሰላት፣ ሰዓት የምለየው ጥላዬን አይቼ ነው።

ይህን የምለው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ጎረቤቶቻችን ደጎች ናቸው። በ2017 ዓ.ም. ረመዳን የካቲት 22 ቀን ሲገባ የክርስቲያኖቹ ዐቢይ ጾም ከተያዘ 5 ቀን ሆኖት ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ጾመኛ ሆነ። ግድግዳ የሚያዋስኑን አንዲት የካፋ እናት ከጾም ማዕዳቸው ቆጮና ጎመን እየጨለፉ ለማፍጠሪያ ይልኩልን ነበር፤ እኛም ቴምር እንልክላቸው ነበር።

ነገር ግን ብዙ ሙስሊም ባለበት አገር ሰው ሲደክም ሕዝቡ ይዞት ይሄዳል። ሁሉም ወደ መስጊድ ሲያመራ እግሩ አብሮ ያመራል። ጥቂት በሆንበት አገር ደጋፊው ከውጭ አይመጣም፤ እምነታችንን ራሳችን ካልያዝነው ቀስ ብሎ ይሄዳል። ከእኔም የሄደው እንዲሁ ነው። አንድ ቀን ተነሥቼ እምነቴን አልጣልኩም። የዐስርን ሰላት ወደ መግሪብ፣ ወደ ጀንበር መጥለቂያው፣ አስጠጋሁ፤ ቁርኣኑን ከረመዳን እስከ ረመዳን አልገለጥኩም፤ የግዢ ወቅት ሲመጣ ደግሞ ሒሳብና ገበያ ብቻ ሆንኩ።

አንድ ኪሎ የጆንያ

በእኛ ሥራ አንድ የቆየ ልማድ አለ። ገበሬው ጀንፈሉን በጆንያ ሞልቶ ያመጣል፤ ይመዘናል፤ ከተመዘነው ላይ "የጆንያ" ተብሎ አንድ ኪሎ ይቀነሳል። ልማዱ የመጣው ቡና በቃጫ ጆንያ በሚመጣበት ጊዜ ነው፤ የቃጫ ጆንያ ወደ ኪሎ የሚጠጋ ክብደት አለው። ኋላ ገበሬው ሁላችንም ማዳበሪያ በምንለው የላስቲክ ከረጢት ማምጣት ጀመረ። ከረጢቱ ተለወጠ፤ ተቀናሹ አልተለወጠም። እኔም ሥራውን ስጀምር ከነበሩት ተቀብዬ አንድ ኪሎ መቀነሴን ቀጠልኩ። የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

የዛሬ 5 ዓመት በኅዳር፣ አንድ ሌሊት ከዒሻ ሰላት በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ልጄ ታማ ሰንብታ ነበር፤ ልቤ ተሸብሯል። ከመደርደሪያ ላይ የአማርኛ ትርጉም ያለውን ቁርኣን አወረድኩ። ሐጅ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሐጅ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ተርጉመውት በ1961 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው ነው። ስገልጠው ሱረቱል ሙጠፊፊን ወጣ። 83ኛው ምዕራፍ ነው፤ 36 አንቀጾች አሉት። በልጅነቴ በሉህ ላይ በቃሌ የያዝኩት ነው፤ ዐረብኛው ዓይኔን ጨፍኜም ይወርድልኛል። ከትርጉሙ ጋር ጎን ለጎን አድርጌ ያነበብኩት ግን ያን ሌሊት ነው።

ሱራው የሚጀምረው ከሰዎች ሲቀበሉ ሞልተው በሚቀበሉ፣ ለሰዎች ሲሰፍሩና ሲመዝኑ ግን በሚያጎድሉ ሰዎች ላይ በሚወርድ ዛቻ ነው። "ይህ ሌባ ነጋዴን ነው" አልኩ በልቤ፤ "እኔ ሚዛኔን በየመስከረሙ እፈትሻለሁ።" ቀጠልኩ። 14ኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። እዚያ ላይ አላህ የሚናገረው ሰዎች ሲሠሩት የኖሩት ሥራ በልቦቻቸው ላይ እንደ ዝገት እንደሚደራረብ ነው። ዝገትን አውቀዋለሁ። በእጄ ነው የምፈትገው። በሚዛን ማጉደል የጀመረው ሱራ መሐሉ ላይ ሲደርስ ዝገቱ ልብ ላይ እንጂ ብረት ላይ አይደለም አለኝ።

ሲነጋ መጋዘን ሄጄ ባዶ ማዳበሪያ አነሣሁና በሱቅ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። ከ100 ግራም ብዙም አልበለጠም። ቁጭ ብዬ አሰላሁ። በዚያ ወቅት ብቻ ወደ 400 ከረጢት ገዝቻለሁ። ከእያንዳንዱ 900 ግራም ያህል ያለአግባብ ወስጃለሁ። 360 ኪሎ፣ ማለትም ከ21 ፈረሱላ የሚበልጥ የሰው ቡና። ሚዛኔ ትክክል ነበር፤ የጎደልኩት እኔ ነኝ።

ወደ ሸኻችን ሄድኩ። "ሸኽ፣ በግምት አስልቼ ለድሃ ሶደቃ ባወጣው አይበቃም?" አልኳቸው። ጥቂት ዝም አሉና፣ "ባለቤቱ ቆሞ እያየህ የእሱን ገንዘብ ለሌላ ትሰጣለህ?" አሉኝ። ከዚያ አስረዱኝ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት ኢማም ነወዊ በጻፉት መሠረት ተውባ፣ ማለትም ንስሐ፣ በሰውና በአላህ መካከል ላለ ጥፋት 3 መስፈርት አለው፦ ጥፋቱን ማቆም፣ መጸጸት፣ ላለመመለስ ቁርጥ አሳብ ማድረግ። የሰው ሐቅ ካለበት ግን 4ኛ ይጨመራል፤ ሐቁን ለባለቤቱ መመለስ ወይም ይቅርታውን ማግኘት። ባለቤቱ ተፈልጎ ሊገኝ ያልቻለው ብቻ በስሙ ሶደቃ ይወጣለታል።

ደብተሬ ላይ የ31 ደንበኞች ስም ነበር። አንድ በአንድ ወደ ሁሉም ሄድኩ። በጊምቦ ወረዳ አንድ አዛውንት ከዋንዛ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። የመጣሁበትን ነግሬ ገንዘቡን ዘረጋሁላቸው። ቆጠሩትና ዓይኔን አዩኝ። "ልጄ፣ እኛም እኮ እናውቃለን። አንዷ ኪሎ የነጋዴው ናት ብለን ለምደነው ነው" አሉኝ። ያ ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። እኔ መውሰዱን ለምጄዋለሁ፤ እሳቸው መወሰዱን ለምደውታል። ዝገት ማለት ይህ ነው። በአንድ ሌሊት አይመጣም፤ ልማድ ሆኖ ነው የሚቀመጠው።

ሒሳብና ሙሐሰባ

በእስልምና ሰው ራሱን የሚተሳሰብበት ነገር ሙሐሰባ ይባላል። ቃሉ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በየቀኑ የምንለው "ሒሳብ" ከዚያው ከዐረብኛው ሥር የመጣ ነው። ሱረቱል ሐሽር 18ኛው አንቀጽ ላይ እያንዳንዷ ነፍስ ለነገ ምን እንዳስቀደመች እንድትመለከት ታዟል። ሁለተኛው ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጣብም ሰዎች ሳይጠየቁ በፊት ራሳቸውን እንዲጠይቁ፣ ሥራቸው ሳይመዘንባቸው በፊት ራሳቸው እንዲመዝኑት ይመክሩ እንደነበር ይተላለፋል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ የኖሩ አንድ ሊቅ ይህን ከማብዛታቸው የተነሣ አል ሙሐሲቢ በሚል ስም ይታወቃሉ።

ነገሩን ለነጋዴ በሚገባ ቋንቋ ያስረዱት ግን በ1111 እ.ኤ.አ. ያረፉት ኢማም አል ገዛሊ ናቸው። ኢሕያእ በተባለው ትልቅ ሥራቸው ነፍስን ካፒታል እንደተሰጠው የንግድ ሸሪክ ያዩዋታል። ካፒታሉ ዕድሜያችን ነው። ጠዋት ከሸሪክህ ጋር ውል ትገባለህ፤ ይህ ሙሻረጣ ነው። ቀኑን ሙሉ በዓይንህ ትከታተለዋለህ፤ ሙራቀባ ነው። ማታ ሱቁ ሲዘጋ ትርፍና ኪሳራውን ትተሳሰባለህ፤ ሙሐሰባ ነው። በገንዘብ ጉዳይ ሸሪኩን ሳይተሳሰብ የሚያድር ነጋዴ የለም። በዕድሜው ጉዳይ ግን አብዛኛው ሰው ሳይተሳሰብ ዓመታት ያልፉታል።

እኔ ማታ ማታ ከዒሻ በኋላ 10 ደቂቃ እቀመጣለሁ። የቡና ሒሳብ ከምጽፍበት ደብተር ጎን ሌላ ትንሽ ደብተር አለኝ። 3 ጥያቄ ብቻ ነው የምመልሰው፦ ዛሬ ያነበብኩት አንቀጽ ምን አዘዘኝ? የማን ሐቅ እጄ ላይ አደረ? የትኛውን ጸጋ ሳላመሰግን አሳለፍኩ? ረጅም አልጽፍም። ባለፈው ኅዳር ከጻፍኩት አንዱ እንዲህ ይላል፦ "ዐስር ዘገየ፤ ምክንያት ጭነት። ሠራተኛው ላይ ጮኽኩ። መግሪብ ላይ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ዝናብ ሳይመጣ ቡናው ከአልጋው ተነሣ፣ አልሐምዱሊላህ።" ይኸው ነው። ግን ሳምንት ሙሉ ስታነበው የምትወድቅበትን ቦታ ታውቀዋለህ። የእኔ መውደቂያ ጭነት ያለበት ቀን የዐስር ሰላት ሰዓት ነው። ያንን ካወቅሁ ወዲህ ጭነት ባለ ቀን ውዱእ አድርጌ ነው የምውለው።

አንድ ነገር ግን ልጠንቀቅ። ሙሐሰባ ራስን መግረፊያ አይደለም። ልብ አንዳንድ ቀን ይሞቃል፤ አንዳንድ ቀን ይበርዳል። ሐንዞላ የተባለው ባልደረባ (ሶሓባ) ከነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ፊት ሲቀመጥ የሚሰማው ነገር ቤቱ ገብቶ ከሚስትና ከልጆቹ ጋር ሲሆን እንደሚጠፋው አይቶ "መናፍቅ ሆንኩ" ብሎ ደነገጠ። ነቢዩ ግን ሰው ሁልጊዜ በአንድ ሁኔታ ላይ እንደማይቆይ፣ ጊዜ ጊዜ እንዳለው ነግረው አጽናኑት። ታሪኩ በሶሒሕ ሙስሊም የተዘገበ ነው። ሱረቱ ዙመርም በራሳቸው ላይ ድንበር ያለፉትን ባሮች ከአላህ እዝነት ተስፋ እንዳይቆርጡ ይጠራቸዋል። ማታ የሚተሳሰብ ነጋዴ ኪሳራ ባየ ቁጥር ሱቁን አይዘጋም፤ ነገ ምን እንደሚያስተካክል ያውቃል እንጂ።

ጥቂት በጥቂት

ብዙዎቻችን ቁርኣንን የምንይዘው በረመዳን ጉልበት ነው። 30 ቀን ሮጠን 11 ወር እናርፋለን። ቁርኣን ራሱ የወረደው ግን እንዲህ አይደለም፤ በ23 ዓመታት ውስጥ ጥቂት በጥቂት ነው የወረደው። የመካ ከሓዲዎች ለምን በአንድ ጊዜ አልወረደም ብለው ተቃውመው ነበር። መልሱ በሱረቱል ፉርቃን 32ኛው አንቀጽ ላይ አለ፦ ቀስ በቀስ የወረደው የነቢዩን ልብ ለማጽናት ነው። የጽናት መንገዱ ከዚህ በላይ እንዴት ይነገራል? በነቢዩ ልብ ላይ በ23 ዓመት የጸናውን እኛ በአንድ ወር እንጨርሰዋለን ብለን ለምን እንደክማለን?

ብዙ ሰው እጅ ላይ ያለው የመዲናው ሙስሐፍ 604 ገጽ ነው። ከ5ቱም ሰላቶች በኋላ 4 ገጽ የሚቀራ ሰው በወር ያኸትማል፣ ማለትም ቁርኣኑን ይጨርሳል። ለቻለው ታላቅ ነገር ነው። እኔ የቻልኩት ከሱብሂ፣ ከንጋቱ ሰላት፣ በኋላ አንድ ገጽ ከነትርጉሙ ነው፤ በዚህ ሒሳብ ለማኽተም 20 ወር ገደማ ይፈጅብኛል። አላፍርበትም። አላህ ዘንድ እጅግ ተወዳጁ ሥራ ቢያንስም የሚዘወተረው እንደሆነ ነቢዩ አስተምረዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ቁርኣንን የያዘ ሰውንም በገመድ ከታሰረ ግመል ባለቤት ጋር አመሳስለውታል፤ ከተከታተለው ይቆይለታል፣ ከለቀቀው ይሄድበታል።

ደግሞ አስቡት። ሙስሊም በቀን የሚሰግዳቸው ግዴታ ረከዓዎች ሲደመሩ 17 ናቸው። በእያንዳንዷ ፋቲሓን ይቀራል፤ በእያንዳንዷ ቀጥተኛውን መንገድ እንዲመራው ጌታውን ይለምናል። ጽናት በዐረብኛው ኢስቲቃማ ነው፤ "ቀጥተኛ" ከሚለው የፋቲሓ ቃል ጋር ሥሩ አንድ ነው። ጽናት አንዴ ተገኝቶ የሚቀመጥ ቢሆን ኖሮ በቀን 17 ጊዜ ባልተለመነ ነበር። መርፌው በየጊዜው ስለሚዛነፍ ነው በየጊዜው የሚስተካከለው።

ጥቂት በጥቂት ለሚመጣ ጽናት ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄድም። የካፋ ደን ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ የመዘገበው፣ የጫካ ቡና ዛሬም በራሱ የሚበቅልበት ነው። በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ያለው ቡና ዝግ ብሎ ይበስላል፤ ሳይቸኩል ስለበሰለም ነው ጣዕሙ የሚፈለገው። ሱረቱ ኢብራሂም መልካምን ቃል ሥሯ በምድር የጸና፣ ቅርንጫፏ ወደ ሰማይ የወጣ፣ በየጊዜው ፍሬ በምትሰጥ ዛፍ ይመስለዋል። ቅርንጫፉን ሁሉም ያየዋል። ሥሩን የሚያየው ባለቤቱና አላህ ብቻ ናቸው። ቡናም ቢሆን ከኢባዳ፣ ከአምልኮ፣ ጋር የቆየ ዝምድና አለው፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዎች ለሌሊት ዚክር እንቅልፍ ያባረሩት በእሱ ነው። በእኛ ደን የሚበቅለው ቡና ሌላውን ለኢባዳ ካነቃ፣ እኛ በላዩ ተኝተን ማደራችን ያሳፍራል።

ትርጉሙን ይዞ ማንበብ ለሌላውም ይተርፋል። ቆጮ የሚልኩልን ጎረቤታችን አንድ ቀን በአጥር በኩል ጠሩኝ። "ጎህ ሳይቀድ የምታነበው ምንድን ነው? ድምፅህ ጓሮዬ ድረስ ይመጣል" አሉኝ። "እትዬ፣ ከረበሽኩዎት ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ" አልኳቸው። "ኧረ ምን ትረብሸኛለህ! ምን እንደሚል ብትነግረኝ ብዬ ነው እንጂ።" በዚያ ሳምንት የደረስኩት ሱረቱ መርየም ላይ ነበር። መርየም ምጥ ይዟት ወደ ተምር ዛፍ ግንድ እንደተጠጋች፣ በጭንቋ ሰዓት እንዳታዝን እንደተነገራት፣ ከእግሯ ሥር ውሃ እንደፈለቀላት ነገርኳቸው። ዓይናቸው እንባ ሞላ። "እመቤታችንን እናንተም እንዲህ ታውቋታላችሁ?" አሉ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ከመካ ተሰድዶ ሐበሻ በመጣ ጊዜ በነጃሺ ፊት የቀራው ከዚሁ ሱራ ነው፤ ያ ፍትሐዊ ንጉሥም ሰምቶ አልቅሷል። ከ1,400 ዓመት በኋላ ያው ቃል በቦንጋ አጥር ሥር ያንኑ ሲሠራ አየሁ። እኔ ራሴ ግን ሳልረዳው ስንት ዓመት በቃሌ ስወጣው ኖሬአለሁ!

ዛሬ በእኔ መግዣ ባዶው ማዳበሪያ በገበሬው ፊት ይመዘናል፤ የሚቀነሰው ያው የተመዘነው ነው። ልጄ ድና አሁን ያንን የአባቴን ሉህ ይዛ ትቀራለች። እኔም ጸናሁ አልልም፤ የሚያጸናው አላህ ነው። ማታ ማታ ግን ሒሳቤን ሳልዘጋ አልተኛም።

አንቺም እህቴ፣ አንተም ወንድሜ፣ ረመዳንን አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ከዒሻ በኋላ አንድ ገጽ ከነትርጉሙ አንብቡ። ከዚያ ደብተር አውጡና አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፉ፦ የማን ሐቅ እጄ ላይ አለ? መልሱ ከመጣ ነገ ጠዋት ወደ ባለቤቱ ሂዱ።